ሶማሌ ተራ ነገ ምን ይሸጣል?



ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ወር ዓምዳችን ወደ መርካቶ፣ ከመርካቶም ወደ ሶማሌ ተራ ጎራ እንላለን። መኪና ያለው የአዲስ አበባ ሰው ይህን ሰፈር ሳያውቅ አይቀርም፤ መኪና የሌለውም ቢሆን በታክሲ ሹፌሮች አፍ ሲጠራ ሰምቶታል። ኩሽኔታ ቢሉ፣ ፍሪሲዮን ቢሉ፣ ቴስታታ ቢሉ፣ የበር እጀታ ቢሉ፣ አዲሱም አሮጌውም የሚፈለገው እዚያ ነው። ሌላ ቦታ የጠፋ ዕቃ ሶማሌ ተራ አይታጣም ይባላል። ነገረኛው የከተማችን ሰው ደግሞ «ከመኪናዬ ላይ የጠፋብኝም እዚያው ተገኘ» እያለ ይቀልዳል። ወደዚህ ቀልድ ኋላ ላይ እንመለስበታለን፤ ቀልድ ብቻ አይደለምና።

ዛሬ የምናነሳው ጥያቄ ይህ ነው፦ ይህ ሁሉ ሱቅ ከሃያ ዓመት በኋላ ምን ይሸጣል? የሩቁን የሚያውቀው አላህ (ሱ.ወ.) ብቻ ነው። ሆኖም ገበሬ ደመናውን አይቶ እርሻውን እንደሚያሰናዳ ሁሉ ነጋዴም የሚታየውን ምልክት አይቶ መዘጋጀት አለበት። ምልክቱ ደግሞ ከታየ ሰንብቷል።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጫነ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በውጭ ምንዛሪ እጥረት ምክንያት 38 ዓይነት ዕቃዎች ሲታገዱ አውቶሞቢል አንዱ ነበር። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ ከሚሠራ በስተቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላሩ ከ57 ብር ግድም ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የመንግሥት ኃላፊዎችም በአገሪቱ የሚሽከረከሩት የኤሌክትሪክ መኪኖች ከ100,000 በላይ መድረሳቸውን ተናግረዋል።

ይህ ለመለዋወጫ ነጋዴ ምን ማለት ነው? የኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላ የለውም። የሞተር ዘይት ፊልትሮ፣ ፒስተን፣ ፋሻ፣ ማርሚታ፣ ፍሪሲዮን የሚባሉትን አያውቃቸውም። ጎማ፣ ኩሽኔታ፣ ሾክ አብዞርበር፣ መብራት፣ መስታወትና ኮፈን ግን ያስፈልጉታል። ፍሬንም አለው፤ ነገር ግን ሹፌሩ እግሩን ሲያነሳ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይዞ ኃይሉን ወደ ባትሪው ስለሚመልስ ፍሬኑ ቶሎ አያልቅም። እንግዲህ የአንዱ ሱቅ መደርደሪያ ግማሹ፣ የሌላው ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም፣ ዕድሜው መቆጠር ጀምሯል።

ይሁንና ነገሩን አጣጥፈን «ሶማሌ ተራ አለቀለት» ብንል እንሳሳታለን። አዲስ የነዳጅ አውቶሞቢል አይገባም ማለት ያለው ሁሉ እየተጠገነ ይሄዳል ማለት ነው። ኮሮላውም፣ ቪትዙም፣ ሚኒባሱም ገና ብዙ ዓመት ይሽከረከራሉ። ስለዚህ በመጪዎቹ ዓመታት የሞተር ዕቃ ፈላጊው ይበዛ ይሆናል እንጂ አያንስም። ዋጋውም ይወጣል። በእኛ አስተያየት አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። ገበያ ሲቀዘቅዝ ሰው ይነቃል፤ ገበያ ሲደራ ግን ያንቀላፋል። ለአሥር ዓመት በሞተር ዕቃ ጥሩ የሸጠ ሰው በአሥራ አንደኛው ዓመት ሱቁን ሲከፍት የሚመጣለት ደንበኛ ባይኖር፣ ያን ሁሉ ጊዜ ምን ሲሸጥ እንደነበር እንኳ ለራሱ መናገር ያቅተዋል።

ምን ሲሸጥ ነበር? አንድ ንግግር እናስብ። የአይሱዙ ሹፌር ወደ አንድ ሱቅ ይገባል።

«ሐጂ፣ የፍሬን ሸራ ፈልጌ ነበር።»

«ሦስት ዓይነት አለ ልጄ። ወዴት ነው የምትሠራው?»

«ደሴ። እህል እጭናለሁ።»

«እንግዲያው ይህኛውን ውሰድ።»

«እሱማ ተወደደብኝ። ያንን ረከስ ያለውን ይስጡኝ።»

«ያኛው ከተማ ውስጥ ባዶውን ለሚመላለስ ነው። ጭነህ ጣርማ በርን የምትወርድበትን ሸራ ከኔ ሱቅ በርካሽ አትገዛም። ግማሹን አሁን ክፈል፤ ግማሹን ስትመለስ ታመጣለህ።»

ይህ ሰው የሸጠው ሸራ ነው ብንል ግማሹን ብቻ ተናገርን። «ስትመለስ» ያላትን ቃል እንመልከታት። የሱቁ ሥራ ሹፌሩ ቤቱ እንዲመለስ ማድረግ ነው፤ ሸራው መሣሪያው ነው። ሐጂው ይህን በመጽሐፍ አላነበቡትም፣ ስብሰባ ላይም አልሰሙትም። ዳሩ ግን ሱቃቸው ለምን እንደቆመ ያውቃሉ። ነገ አይሱዙው በሌላ ዓይነት መኪና ቢተካ እሳቸው የሚቀይሩት መደርደሪያውን ነው። ሥራቸው ያው ነው።

ዱቤው ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን። ብሩ በየወሩ በሚረክስበት ጊዜ ግማሽ ዋጋ ሜዳ ላይ መተው ዋጋ ያስከፍላል፤ ያልተመለሰም ሹፌር አለ። ሁሉም ነጋዴ እንዲህ ያድርግ ብለን አንፈርድም። ነገር ግን እንዲህ ያለውን ሱቅ ሹፌሮች በጋራዥ፣ በመናኸሪያ፣ በሻይ ቤት ይነጋገሩበታል። ለዚህ ሱቅ ማስታወቂያ የሚሠሩለት እነሱ ናቸው።

ኒያ ለሶላትና ለጾም ብቻ የሚያዝ የሚመስለን ብዙዎች ነን። ሱቅም ኒያ አለው፤ ኒያውም ውሎ አድሮ በዕቃው ላይ ይታያል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ አንድ የእህል ክምር አስገብተው ከሥሩ እርጥብ ሆኖ እንዳገኙት፣ ባለቤቱም ዝናብ እንደነካው ሲናገር፣ እርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ ማድረግ እንደነበረበት እንደነገሩት ብዙዎቻችን ሰምተናል። በመለዋወጫ ንግድ እርጥቡ ያለው በካርቶኑ ውስጥ ነው። በናፍጣ ታጥቦ፣ ግራሶ ተቀብቶ አዲስ የመሰለ አሮጌ ኩሽኔታ አለ። የታወቀ ፋብሪካ ስም የታተመበት፣ ፋብሪካው ግን የማያውቀው ፊልትሮ አለ። አሮጌ ዕቃ መሸጥ ነውር የለበትም፤ ሶማሌ ተራ የደኻውን መኪና ያቆመው በአሮጌ ዕቃ ነው። አሮጌውን «አሮጌ ነው» ብሎ መሸጥ ግን ከላይ ማስቀመጥ ነው።

ወደ ቀልዱ እንመለስ። ሌሊት ስፖኪዮው የተነቀለበት ሰው ጠዋት ወዴት እንደሚሄድ የከተማው ሰው ሁሉ ያውቃል። ይህን ስም ያመጣው ጥቂት ሰው ቢሆንም የሚሸከመው ግን ሰፈሩ በሙሉ ነው፤ ሐላል ሠርቶ የሚያድረው ነጋዴ ጭምር። ስለዚህ የአንድ ስፖኪዮ ጉዳይ የአንድ ሱቅ ጉዳይ ብቻ ሊሆን አይችልም። አንድ ወጣት በጨርቅ ጠቅልሎ መስታወት ይዞ ሲመጣ «ስንት ትላለህ?» የሚለው ጥያቄ ሁለተኛ መሆን አለበት። የመጀመሪያው «ከየት አመጣኸው?» ነው፤ ቀጥሎ መታወቂያው፣ ቀጥሎ መዝገቡ። የተሰረቀ ዕቃ መግዛት በሸሪዓውም ሐራም ነው፤ በአገሪቱ ሕግም ያስቀጣል። ከዚህ ሌላ ግን ሱቁን ያለ ነገ ያስቀረዋል፤ ዛሬ ዕቃው ከየት እንደመጣ መናገር የማይችል ነጋዴ ነገ አምራች ኩባንያ ወኪል ላድርግህ ሲለው የሚያሳየው ምንም የለውም።

ደረሰኝም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በኅዳር 2017 ዓ.ም. በመርካቶ የደረሰኝ ቁጥጥር ሲጠብቅ ብዙ ሱቆች ተዘግተው እንደነበር እናስታውሳለን። ቸርቻሪው «አስመጪው ደረሰኝ ካልሰጠኝ እኔ ከየት ላምጣ?» ሲል እውነት አለው። እውነት የሌለው፣ ያለ ደረሰኝ መሥራትን እንደ ብልሃት መቁጠሩ ነው። ደረሰኝ የሌለው ዕቃ ቢበላሽ ለማን ይመለሳል?

አሁን ራቅ ወዳለ ምሳሌ እንሂድ፤ ምሳሌው ራቅ ያለ ቢሆንም ስሙ ለሶማሌ ተራ እንግዳ አይደለም። ቶዮታ ከመኪና የተነሳ ኩባንያ እንዳልሆነ ስንቶቻችን እናውቃለን? ሳኪቺ ቶዮዳ የሚባል የአናጢ ልጅ በጃፓን የሽመና ማሽን ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1924 ክር ሲበጠስ ራሱን በራሱ የሚያቆም ማሽን አወጣ። ክሩ ተበጥሶ ዝም ብሎ ከመሸመን ቆሞ መጠበቅ ይሻላል፤ የተበላሸ ጨርቅ ለሰው አይደርስም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 የዚያን ማሽን መብት ለእንግሊዙ ፕላት ብራዘርስ ሸጡ፤ ልጁ ኪቺሮ ወደ መኪና ሥራ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ1937 ቶዮታ ሞተር ተቋቋመ። ሸማውን ትተው ሞተር ያዙ። ሐሳቡን ግን አልተዉትም፤ ጉድለት ሲታይ ሥራውን የማቆም ልማድ ከሽመናው ወደ መኪናው ፋብሪካ ተሻገረ። ዛሬ ታክሲ ሆኖ የምናየው ሱዙኪም እ.ኤ.አ. በ1909 ሲጀመር የሽመና ማሽን ሠሪ ነበር። አባትየው «እኔ የሽመና ማሽን ሰው ነኝ» ብሎ ቢቀር ኖሮ፣ ልጁም የአባቱን ሐሳብ ጥሎ ማሽኑን ብቻ ወርሶ ቢሆን ኖሮ፣ ሶማሌ ተራ ዛሬ የሌላ ስም ካርቶን ይደረድር ነበር።

ሶማሌ ተራ ወደ አዲሱ ዕቃ እንዴት ይሻገር? እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር በጥብቅ እንናገር። የሰፈሩ ትልቅ ሥራ የተጋጨና ያረጀ መኪና መበተን ነው። መፍቻና መዶሻ የያዙ ወጣቶች አንድን መኪና ፈትተው በየዓይነቱ ሲለዩት ማየት ያስደንቃል። የተጋጩ የኤሌክትሪክ መኪኖችም ቀስ በቀስ ወደዚያው መምጣታቸው አይቀርም። የእነዚህ መኪኖች ትልቁ ባትሪ እንደ ድሮው 12 ቮልት አይደለም፤ በብዛት ከ300 እስከ 400 ቮልት ነው፤ እስከ 800 የሚደርስም አለ። ቁልፉ ቢጠፋም፣ መኪናው ለወር ቢቆምም፣ ኃይሉ በውስጡ አለ። ደረቱን ተደግፎ በመፍቻ የሚነካው የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሁለተኛ ዕድል ላያገኝ ይችላል።

እሳቱ ደግሞ ሌላ ነው። በግጭት የተጎዳ የሊቲየም ባትሪ ያኔውኑ ላይቃጠል ይችላል። ከሰዓታት፣ አንዳንዴም ከቀናት በኋላ ሰው በሌለበት ይነሳል። ከተነሳም በኋላ ጠፋ ሲሉት ተመልሶ ይቀጣጠላል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሳው እሳት የስንቱን ሰው ሀብት እንደበላ አይተናል። ሱቅ ከሱቅ በተጣበቀበት፣ መተላለፊያው በዕቃ በተሞላበት ሰፈር፣ ዘይትና ጎማ በተከማቸበት መሃል የተጎዳ ባትሪ አስቀምጦ ሱቅ ዘግቶ መሄድ ማለት የራስን ብቻ ሳይሆን የጎረቤትን ቤት ለኮሶ እንደመሄድ ነው።

ረጅም የሚያይ ነጋዴ የሚታወቀው በዚህ ነው። ከኤሌክትሪክ መኪና ዕቃ ቀድሞ የሚያተርፈው ሳያውቅ ቶሎ የፈታው ሰው ሊሆን ይችላል፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን አንድ ልጅ ከሞተ፣ ወይም አንድ መስመር ከተቃጠለ፣ ሰፈሩ በሙሉ ከዚህ ሥራ ይታገዳል። ስለዚህ መጀመሪያ መደረግ ያለበት የአንድ ሱቅ ሳይሆን የሰፈሩ ነጋዴዎች የጋራ ስምምነት ነው፦ የተጎዳ ትልቅ ባትሪ ሰፈር ውስጥ አይገባም፤ የሚቀመጠው ከከተማው ዳር፣ ከሌላው ዕቃ በራቀ ሜዳ ላይ ነው፤ ያልሠለጠነ ሰው አይነካውም። እቁብ መሰብሰብና ማከፋፈል የሚያውቅ ሰፈር ይህን መስማማት አያቅተውም።

ከዚያ ቀጥሎ ሰው ነው። የመርካቶ ነጋዴ ትምህርት ቤቱ ሱቁ ነው። ከስልጤ፣ ከጉራጌ፣ ከወሎ የመጣ ልጅ ዕቃ በመሸከም ይጀምራል፤ የዕቃውን ስም ይለያል፤ ዋጋ ይማራል፤ ከዓመታት በኋላ አሠሪው ዕቃ በዱቤ ሰጥቶ የራሱን ሱቅ ያስከፍተዋል። ይህ ልማድ ከብዙ ትላልቅ ኩባንያዎች አሠራር ይበልጣል ብንል ማጋነን አይሆንም። አንድ ጉድለት አለበት፤ ልጁ የሚማረው አሠሪው የሚያውቀውን ብቻ ነው። አሠሪው ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ካላወቀ የልጁም ዕውቀት እዚያው ላይ ይቆማል። ስለዚህ ከሱቁ ልጆች አንዱን መርጦ፣ ደመወዙን ሳያቋርጡ፣ ተግባረ እድን በመሳሰሉ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የኤሌክትሪክ ትምህርት እንዲማር በማታ መላክ ይቻላል። «ተምሮ ጥሎኝ ቢሄድስ?» የሚል አሠሪ ይኖራል። ሊሄድ ይችላል። ቢሄድም ሩቅ አይሄድም፤ ሦስት ሱቅ አልፎ ነው የሚከፍተው፤ ያኔ ስለ አዲሱ ዕቃ የሚጠየቅ ጎረቤት ተገኘ ማለት ነው።

ገንዘቡስ? ከሞተር ዕቃ ወደ ሌላ ዕቃ መሻገር ካፒታል ይጠይቃል፤ ብዙ ሙስሊም ነጋዴ ደግሞ ወለድን ፈርቶ ከባንክ ሲርቅ ኖሯል። ይህ መንገድ አሁን እንደ ድሮው ዝግ አይደለም። ከወለድ ነፃ ባንክ ለማቋቋም የተነሱት የዘምዘም ባንክ መሥራቾች ብሔራዊ ባንክ አገልግሎቱ በነባር ባንኮች መስኮት ብቻ እንዲሰጥ ባወጣው መመሪያ ተገተው ወደ አሥር ዓመት ግድም ቆዩ፤ ባንኩ ሥራ የጀመረው በ2013 ዓ.ም. ነው። ሒጅራም በዚያው ዓመት ተከተለ። ባንክ ግን ሙሻረካም ሆነ ሙራበሐ ለመዋዋል መጀመሪያ የሚጠይቀው ሒሳብ ነው። የሱቁ ሒሳብ በባለቤቱ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ከሆነ የሚያዋውል አይገኝም።

ይህም ወደ ቤታችን ይመልሰናል። ስንት ሱቅ ነው አባት ሲሞት የተዘጋው? ዕዳ ያለበት ዝም ይላል፤ ዕዳ የሌለበት ደግሞ «አለኝ» ብሎ ይመጣል። ወራሾች ዕቃውን ተከፋፍለው ይሸጡታል፤ ሱቁ ያልቃል። የሸሪዓ ውርስ ድርሻን ይወስናል እንጂ ሱቁ ይፍረስ አላለም፤ ድርሻው በጽሑፍ ታውቆ ሥራው በሽርክና ሊቀጥል ይችላል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግም አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል፤ ይህም የሱቁን ንብረት ከቤቱ ንብረት ለመለየት ይረዳል። በቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ፣ የአል-በቀራ 282ኛው፣ ስለ ዕዳ መጻፍ መሆኑን ስናስብ ደብተር የሌለው ሙስሊም ነጋዴ ሊያስገርመን ይገባል።

ደብተሩን ማን ይያዝ? ብዙ ጊዜ ወንዱ ልጅ ሱቅ ይወሰዳል፤ ሴቷ ልጅ የሱቁን በር እንኳ ሳታውቀው ትዳራለች። የሙእሚኖች እናት ኸዲጃ (ረ.ዐ.) ንግዷን ራሷ የምትመራ፣ ለሥራዋ ታማኝ ሰው መርጣ የምታሠማራ ነጋዴ እንደነበረች እያስተማርናቸው ነው ይህን የምናደርገው! በሒሳብ ትምህርት ከወንድሟ የምትበልጥ ልጅ ቤት ውስጥ ካለች ከመግሪብ በኋላ ግማሽ ሰዓት በቂዋ ነው። አባት ያስጻፋታል፤ ከማን ተገዛ፣ ለማን ተሸጠ፣ ማን ስንት አለበት፣ ከሞተር ዕቃው የትኛው ስንት ወር ሳይነካ ተቀመጠ። የመጨረሻዋን መስመር በተለይ ትከታተላት። ሱቁ መቼ ዕቃ መቀየር እንደሚጀምር የሚነግራቸው እሷው ናት።